ረጅም ርቀት ለሚጋልብ ብስክሌተኛ፦ ውሃን፣ ስኳርንና ጨውን ለየብቻ የመለካት መመሪያ

በሦስተኛው ሰዓት ላይ ጉልበቱ የከዳው ብስክሌተኛ አብዛኛውን ጊዜ በልምምዱ ያሳብባል። እግሩ ይከብዳል፣ እጁ መሪውን ይዞ ይንቀጠቀጣል፣ ከፊቱ የሚሄደውን ጎማ መከተል እንኳ ያቅተዋል፤ ከዚያም "ገና አልበረታሁም" ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ጉድለቱ የአቅም አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ገና ሳይራብና ሳይጠማ መውሰድ የነበረበትን ስላልወሰደ ነው።

ውሃ፣ ስኳርና ጨው ሦስት የተለያዩ ፍላጎቶች ናቸው፤ መለኪያቸውም ይለያያል። የውሃውን መጠን የሚወስኑት ሙቀቱና የላብዎ ብዛት ናቸው። የስኳሩን መጠን የሚወስነው የጉዞው ርዝመትና የጥረቱ ብርታት ነው። ጨዉ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ሦስቱን በአንድ ኮዳ በጥብጦ "ሲጠማኝ እጠጣለሁ" የሚል ሰው በቀዝቃዛ ቀን ስለማይጠማው ስኳሩም ይቀርበታል፤ በሞቃት ቀን ደግሞ ጥሙን ለመቁረጥ ሲል ሆዱን በስኳር ይሞላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ሦስቱን ለመለየት የተጻፈ ነው።

1. ሰውነትዎ የተሸከመውን ስንቅ ይወቁ

ሰውነት ካርቦሃይድሬትን ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቻል። በደንብ የበላ ጎልማሳ በጡንቻው ከ300 እስከ 500 ግራም፣ በጉበቱ ደግሞ 100 ግራም ገደማ ይይዛል። ጠንከር ባለ ፍጥነት ለሚጋልብ ሰው ይህ ስንቅ ከ90 እስከ 120 ደቂቃ ያህል ያገለግላል። ስብ በቀጭን ሰው ሰውነት ውስጥ እንኳ በብዛት አለ፤ ነገር ግን ጉልበት የሚሰጠው ቀስ ብሎ ነው። አቀበት ሲመጣ ወይም ፍጥነት ሲጨምር ሰውነት ወደ ካርቦሃይድሬት ያደላል።

የጉበቱ ስንቅ ልዩ ሥራ አለው፤ የደምን የስኳር መጠን ጠብቆ አንጎልን ይመግባል። እሱ ሲያልቅ ሐሳብ መበተን፣ መበሳጨትና መፍዘዝ የሚመጡት በዚህ ምክንያት ነው። አብሮዎት የሚጋልብ ሰው ያለ ምክንያት ዝም ካለ ወይም ከተቆጣ፣ የሚበላ ነገር ይስጡት።

ብስክሌትዎ የኃይል መለኪያ ካለው ፍጆታዎን ማወቅ ቀላል ነው። በ200 ዋት ለአንድ ሰዓት መርገጥ 720 ኪሎ ጁል ሥራ ነው። ሰውነት ካቃጠለው ጉልበት ወደ ፔዳሉ የሚያደርሰው ሩብ ያህሉን ብቻ ስለሆነ፣ መለኪያው ላይ የሚያዩት የኪሎ ጁል ቁጥር ካቃጠሉት ኪሎ ካሎሪ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ማለትም በሰዓት 720 ገደማ። በሰዓት 60 ግራም ስኳር ቢወስዱ ያገኙት 240 ኪሎ ካሎሪ ነው። ስለዚህ እየጋለቡ ሁሉንም መተካት አይቻልም። ዓላማው ስንቁ የሚያልቅበትን ሰዓት ከጉዞው መጨረሻ ወዲያ ማዶ መግፋት ነው።

2. ላብዎን በሚዛን ይለኩ

ለሰው ሁሉ የሚሆን የውሃ መጠን የለም። አንዱ በሰዓት ግማሽ ሊትር ሲያልበው ሌላው በዚያው መንገድና በዚያው ሙቀት ሁለት ሊትር ሊያልበው ይችላል። መለካቱ ደግሞ የሰውነት ሚዛን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ከመውጣትዎ በፊት ይሽኑና ልብስ ሳይለብሱ ይመዘኑ። በውድድር ወይም በረጅሙ ጉዞ ቀን ሊገጥምዎት በሚችል ሙቀትና ፍጥነት አንድ ሰዓት ይጋልቡ። የጠጡትን ውሃ መጠን ይያዙ። ሲመለሱ ላብዎን በፎጣ አድርቀው እንደገና ያለ ልብስ ይመዘኑ። ለምሳሌ ሲወጡ 70 ኪሎ ግራም፣ ሲመለሱ 69.2 ቢሆኑና ግማሽ ሊትር ጠጥተው ከነበረ፣ ያላብዎት 0.8 ሲደመር 0.5፣ ማለትም 1.3 ሊትር ነው። መንገድ ላይ ከሸኑ ግምቱን ይቀንሱለት። ይህን አንድ ጊዜ በሞቃት፣ አንድ ጊዜ በቀዝቃዛ ቀን ያድርጉት፤ ልዩነቱ ያስደንቅዎታል።

ያላብዎትን ሁሉ መልሶ መጠጣት አያስፈልግም። በሙቀት ውስጥ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ በላይ ሲቀንስ አቅም በግልጽ መውረድ ስለሚጀምር፣ ከዚያ በታች መቆየት በቂ ነው። 70 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ይህ 1.4 ሊትር ነው። በምሳሌያችን የአራት ሰዓት ጉዞ 5.2 ሊትር ያስልባል፤ 1.4 ሲቀነስ 3.8 ሊትር ይቀራል፤ በሰዓት 950 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። ይህ ለብዙ ሆድ ከባድ ነው። በመካከለኛ የአየር ሁኔታ አብዛኛው ሰው ከ400 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ባለው ይበቃዋል።

አብዝቶ መጠጣትም አደጋ ነው፤ ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ሕይወት ስለሚያጠፋ ነው። ውሃ ከመጠን ሲያልፍ የደም ሶዲየም (ከጨው የሚገኘው ንጥረ ነገር) ይቀጥናል፤ ራስ ምታት፣ ማስታወክና ግራ መጋባት ይከተላሉ፤ ሲከፋም ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች ውስጥ 13 በመቶው የደም ሶዲየማቸው ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል። በተለይ የተጠቁት በውድድሩ ወቅት ክብደት የጨመሩና ረጅም ሰዓት የወሰደባቸው ነበሩ። ለብስክሌተኛም ነገሩ ያው ነው፤ ዝግ ብሎ ቀኑን ሙሉ የሚጋልብ ሰው ከፈጣኑ ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ከጉዞ ሲመለሱ ከወጡበት ክብደት በላይ ከሆኑ ከሚገባው በላይ ጠጥተዋል።

ቀድሞ ስህተቱ የተገላቢጦሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር ተወዳዳሪዎች እንዲይዙ የሚፈቀድላቸው ውሃ በደንብ የተገደበ ስለነበር ጋላቢዎቹ በሚያልፉባቸው ከተሞች ወርደው ካፌ ውስጥ ዘው እያሉ መጠጥ ይነጥቁ ነበር። ውሃ መጠጣት ድክመት ተደርጎ የሚታይበት ያ ዘመን ማለፉ መልካም ነው።

3. የሰዓቱን የስኳር ድርሻ ይወስኑ

ጉዞው ከአንድ ሰዓት በታች ከሆነና ቀደም ብለው በልተው ከሆነ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ለሚፈጅ ጉዞ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይውሰዱ። ከዚያ ለሚረዝም ጠንካራ ጉዞ ወደ 90 ግራም መውጣት ይቻላል።

እነዚህ ቁጥሮች የመጡት ከአንጀት ነው። ግሉኮስ ከትንሹ አንጀት ወደ ደም የሚያልፈው በራሱ በር ነው፤ ያ በር በሰዓት ከ60 ግራም ብዙም አያሳልፍም። ትርፉ እዚያው ተከማችቶ ውሃ ይስባል፤ ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥም ያመጣል። ፍሩክቶስ የሚባለው ሌላው የስኳር ዓይነት ግን ሌላ በር አለው። ሁለቱን በአንድነት ሲወስዱ ሁለቱም በሮች ስለሚሠሩ ወደ 90 ግራም ይደረሳል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ አስከር ዩከንድሩፕና ባልደረቦቹ ይህን ደጋግመው አሳይተዋል። ወሰኑ ያለው አንጀት ላይ ስለሆነ 55 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰውም ሆነ 85 የሚመዝነው ድርሻቸው ተቀራራቢ ነው፤ በክብደት ማባዛት አያስፈልግም። ፕሮፌሽናል ጋላቢዎች አሁን እስከ 120 ግራም የሚወስዱ አሉ። እነሱ አንጀታቸውን ለዚያ ያለማመዱ፣ በሰዓት የሚያቃጥሉትም ከእኛ እጅግ የበዛ ሰዎች ናቸው። እነሱን ተከትሎ ከ120 መጀመር ጉዞውን በመንገድ ዳር ለማሳለፍ መዘጋጀት ነው።

ለአጭርና ለከባድ ጥረት አንድ አስደናቂ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በወጣ ጥናት፣ አንድ ሰዓት ገደማ በሙሉ አቅማቸው የጋለቡ ሰዎች የማልቶዴክስትሪን (ከተያያዘ ግሉኮስ የተሠራ ዱቄት) ብጥብጥ ተጉመጥሙጠው ሲተፉ ውጤታቸው በ3 በመቶ ገደማ ተሻሽሏል። በሌላ ሙከራ ግሉኮስ በደም ሥር ሲሰጥ ግን ለውጥ አልነበረም። አፍ ስኳሩን ለይቶ ለአንጎል ይናገራል ማለት ነው። በረጅም ጉዞ መጨረሻ ላይ ሆድዎ አልቀበል ካለ ይህን ያስታውሱ፤ መጉመጥመጡ ብቻውን ጥቂት ያግዛል።

4. መጠጡን ይበጥብጡ

በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1965 በሮበርት ኬድ የሚመራ ቡድን ለአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች ያዘጋጀውና በኋላ ጌቶሬድ የተባለው መጠጥ በመሠረቱ ውሃ፣ ስኳር፣ ጨውና የሎሚ ጭማቂ ነበር። ዛሬም ምሥጢሩ ከዚህ አይርቅም።

መደበኛው መጠጥ፦ አንድ ሊትር ውሃ፣ 60 ግራም ስኳር (አፉ የተስተካከለ 15 የሻይ ማንኪያ ገደማ)፣ 1.5 ግራም ጨው (ሩብ የሻይ ማንኪያ)፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ይህ 6 በመቶ ስኳርና 600 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም ያለው ነው። ከ6 እስከ 8 በመቶ ያለው ብጥብጥ ከደም ውፍረት ጋር ስለሚቀራረብ ከጨጓራ ቶሎ ይወጣል። የፍራፍሬ ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ ከ10 በመቶ በላይ ስለሚሆኑ በግማሽ ውሃ ይቀጥኑ።

ወፍራሙ መጠጥ፦ 750 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኮዳ 60 ግራም ስኳር፣ 30 ግራም ማልቶዴክስትሪንና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ የሚያንስ፣ ማለትም 2.4 ግራም ጨው። ሒሳቡ ቀላል ነው። የተለመደው ስኳር ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው፤ ማልቶዴክስትሪን ደግሞ የተያያዘ ግሉኮስ ነው። ስለዚህ በኮዳው ውስጥ 60 ግራም ግሉኮስና 30 ግራም ፍሩክቶስ አለ፤ ለሁለቱ በሮች የሚሆነው ሁለት ለአንድ ነው። ይህ መጠጥ 12 በመቶ ስለሆነ ብቻውን አይጠጣም፤ ከጎኑ ንጹሕ ውሃ የግድ ነው።

ሲበጠብጡ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። ማልቶዴክስትሪንን በደረቅ ኮዳ ጨምረው ውሃ ካፈሰሱበት ከታች እንደ ሙጫ ተጣብቆ ይቀራል፣ የመጀመሪያው ሰዓት መጠጥ ቀጭን፣ የመጨረሻው ጉንጭ ደግሞ ሽሮፕ ይሆናል። ግማሽ ውሃ ያስቀድሙ፣ ዱቄቱን በሁለት ዙር ይጨምሩ፣ በየዙሩ ይናጡ፣ ከዚያ ውሃውን ይሙሉ። ቤት ውስጥ ሲቀምሱት ጣፋጭነቱ ጎደሎ ከመሰለዎት ልክ ነው፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ምላስ ጣፋጭ ይሰለቸዋል።

ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ከገዙ በጀርባው የተጻፈውን ያንብቡ። በ100 ሚሊ ሊትር ከ6 እስከ 8 ግራም ካርቦሃይድሬትና ከ40 እስከ 70 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይፈልጉ። ኃይል ሰጪ እየተባሉ በትንንሽ ጣሳ የሚሸጡት ካፌይን የበዛባቸው መጠጦች የስፖርት መጠጥ አይደሉም። ስኳራቸው 11 በመቶ ገደማ ነው፤ ጥምም አይቆርጡም።

5. ጨዉን በልክ ይጨምሩ

አንድ ሊትር ላብ ከ200 እስከ 2,000 ሚሊ ግራም ሶዲየም ሊይዝ ይችላል። የራስ ቁር ማሰሪያዎን ከጉዞ በኋላ ይመልከቱ፤ ነጭ ሽፋን ከጋገረበትና ጥቁር ልብስዎ ላይ ደግሞ ነጭ መስመር ካለ ጨው የሚበዛበት ላብ አለዎት። ከሁለት ሰዓት በታች ለሆነ ጉዞ ስለዚህ መጨነቅ አያስፈልግም። ለረጅሙ፣ ከሚጠጡት ሁሉ በሊትር ከ500 እስከ 700 ሚሊ ግራም ሶዲየም ጥሩ መነሻ ነው፤ ልብሱ ነጭ የሚሆንበት ሰው ወደ 1,000 ሊጠጋ ይችላል። አንድ ግራም የገበታ ጨው 390 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም አለው።

የጡንቻ መሸማቀቅን ሁሉ በጨው እጥረት መተርጎም ግን ትክክል አይመስለኝም። ብዙውን ጊዜ የሚሸማቀቀው ጡንቻ ከለመደው በላይ የደከመ ጡንቻ ነው። ያዝ የሚያደርገውን ማሳሳብና ፍጥነት መቀነስ ከጨው ክኒን ይልቅ ይረዳል። የደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በዚህ ጽሑፍ ያሉትን የጨውና የስኳር መጠኖች ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይጀምር።

6. የኪሱን ምግብ ያዘጋጁ

መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም፣ አንድ ጄል (በትንሽ ማሸጊያ የሚሸጥ ወፍራም የስኳር ፈሳሽ) ከ20 እስከ 30 ግራም፣ 100 ግራም የተቀቀለ ሩዝ 28 ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ካርቦሃይድሬት አላቸው። ጨው የተነሰነሰበት የተቀቀለ ድንችና ማር የተቀባ ነጭ ዳቦም ጥሩ ናቸው። ስብ፣ አሰርና ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ለመውጣት ስለሚዘገይ ለዝግተኛ ቀን ይተውት።

ጠጣሩን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ፈሳሹንና ጄሉን በኋላ ይውሰዱ። ጄል ሁልጊዜ በንጹሕ ውሃ ይዋጣል፤ በወፍራሙ መጠጥ አይደለም። ማሸጊያዎችን ቤት እያሉ ጫፋቸውን ቀደድ ያድርጉ፤ በላብ በራሰ ጣት፣ በጥርስ እየጎተቱ መታገል ብዙ ሰው ሳይበላ እንዲቀር ያደርጋል። አቀበት ከመድረሱ አሥር ደቂቃ በፊት ይብሉ፤ አቀበቱ ላይ አብዛኛው ደም ወደ እግር ስለሚሄድ የሆድ ሥራ ይዘገያል።

7. የአምስት ሰዓት ጉዞ ዕቅድ

በ70 ኪሎ ግራም ሰው እንመልከት። ጉዞው ውድድር ከሆነ ከመነሻው 36 እስከ 48 ሰዓታት ቀደም ብሎ ጀምሮ በቀን በኪሎ ግራም ክብደት ከ8 እስከ 12 ግራም ካርቦሃይድሬት ይበላል፤ ከ560 እስከ 840 ግራም ነው። ሚዛኑ ከፍ ቢል አይደንግጥ፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ለተራ ልምምድ ይህ አያስፈልግም።

ከመነሻው ሦስት ሰዓት በፊት 140 ግራም ካርቦሃይድሬት ያለው፣ አሰሩ ያነሰ ቁርስና ከ350 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ውሃ ይወስዳል። ከመነሻው በፊት ባለው የመጨረሻ አንድ ሰዓት ውስጥ ስኳር መውሰድ አንዳንዶችን ሲነሱ ያዞራቸዋል፤ እንዲህ ከሚሆኑት ከሆነ መርገጥ ከጀመረ በኋላ ይጀምር።

በብስክሌቱ ላይ ሁለት ኮዳ አለ፤ አንዱ ወፍራሙ፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ። ሰዓቱን በየ15 ደቂቃው እንዲጮህ ያደርገዋል፤ በጮኸ ቁጥር ከወፍራሙ ሁለት ጉንጭ ይጠጣል። በሰዓት የወፍራሙን ግማሽ ይጨርሳል፤ 45 ግራም ነው። በተጨማሪ በየሰዓቱ አንድ ሙዝ ወይም አንድ ጄል ሲበላ 70 ግራም ይደርሳል። ወፍራሙ 375 ሚሊ ሊትር፣ ንጹሑ 400 ሚሊ ሊትር፣ በድምሩ 775 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። ለአምስት ሰዓት ሁለት ኮዳ ተኩል ወፍራም ስለሚያስፈልግ፣ የተመዘነውን ዱቄት በትንንሽ ፌስታል አድርጎ በኪሱ ይይዛል፤ ውሃ ባገኘበት ይበጠብጣል።

ፀሐዩ ቢከር ንጹሑን ወደ 600 ሚሊ ሊትር ያሳድጋል፣ ጥቂት ጨውም ይጨምራል። ቢቀዘቅዝ ንጹሑን ወደ 100 ይቀንሳል። ወፍራሙና ሙዙ በሁለቱም ቀን አይነኩም።

8. አንጀትን ያለማምዱ

እግር እንደሚሠለጥን አንጀትም ይሠለጥናል፤ ስኳር አዘውትሮ ሲቀርብለት የማሳለፍ አቅሙ ይጨምራል። በሳምንት አንድ ረጅም ጉዞ መርጠው በሰዓት ከ40 ግራም ይጀምሩ፤ ከተስማማዎት በየሳምንቱ 10 ግራም ይጨምሩ። ልምምዱ በውድድር ፍጥነት የሚጋለብበትን ክፍል ማካተት አለበት፤ በዝግታ የተመቸ ሆድ በፍጥነት ሊያምፅ ይችላል። በውድድር ቀን ያልሞከሩትን ነገር፣ ነጻ ቢሰጥዎትም፣ አይቅመሱ።

መንገድ ላይ ካቅለሸለሸዎት ፍጥነት ይቀንሱ፣ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ስኳሩን ትተው ንጹሕ ውሃ ብቻ ፉት ይበሉ፣ ከዚያ በትንሹ ይመለሱ።

ካፌይን የሚወስዱ ከሆነ በኪሎ ግራም ክብደት 3 ሚሊ ግራም በቂ ነው፤ ከመነሻው አንድ ሰዓት በፊት ወይም ከመጨረሻው ከባድ ክፍል ቀደም ብሎ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በስፖርት ከተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር ወጥቷል። እንቅልፍ የሚነሳዎት ከሆነ ግን ለከሰዓት ጉዞ ይቅርብዎት።

9. ከጉዞ በኋላ

ይመዘኑ፤ ለቀነሰ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ከ1.25 እስከ 1.5 ሊትር በቀጣዮቹ ሰዓታት ቀስ እያሉ ይጠጡ፤ ጨው ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ውሃው በሽንት ቶሎ አይወጣም። በማግስቱ እንደገና በብርቱ የሚጋልቡ ከሆነ ለአራት ሰዓት ያህል በየሰዓቱ በኪሎ ግራም ክብደት 1 ግራም ካርቦሃይድሬት ይብሉ፣ ከ20 እስከ 30 ግራም ፕሮቲንም ይጨምሩበት። በማግስቱ ዕረፍት ከሆነ የተለመደው ምግብ ይበቃል።

አፍዎን በንጹሕ ውሃ ይጉመጥመጡ፤ ስኳርና ሎሚ ለሰዓታት የነካው ጥርስ ይጎዳል። ኮዳዎቹን በዚያው ቀን በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡ፤ የመጥቢያውን ጎማ አውጥተው ከሥሩ ያለውን ይፈትጉ፣ ሻጋታ የሚጀምረው እዚያ ነውና። ክዳናቸውን ሳይገጥሙ ደፍተው ያድርቋቸው።